ስሙ የተቀረጸበት ሳህን

የኢንዱማቲን እጅ ያልቀመሰ ሰው ሳንግሊን አውቃለሁ ቢል ውሸቱን ነው። ነጋዴዎቹ ከተማችን በእርድ ቅመም ትታወቃለች ይላሉ፤ ይበሏት። የእኛ ሰፈር ሰው የሚምለው በኢንዱማቲ ፑራን ፖሊ ነው። ክኩ በጥቁር ስኳርና በሄል በስሎ፣ በስስ ቂጣ ተጠቅልሎ፣ ከላዩ የተነጠረ ቅቤ ሲፈስበት ጠግቦ የተነሳ ሰው እንኳ መልሶ ይቀመጣል። እንግዳ አክባሪ፣ እጀ ሰፊ እያልን ያን ቤት ስናወድስ ኖረናል። ዛሬ ግን የዚያ ቅቤ ሽታ ገና ሲነሳ ቋቅ የሚላት አንዲት ሴት አለች፤ ያውም በዚያው ቤት፣ በዚያው ቅቤ ያደገች።

ኬታኪ ትባላለች። እናቷ የሞተችው አራት ዓመት ሳይሞላት ነው። አባቷ ሌላ አግብቶ ናግፑር ገባና በዓመት አንድ ደብዳቤ ሆኖ ቀረ። ያሳደገቻት እህቱ ኢንዱማቲ ናት። ኢንዱማቲና ባሏ ባልቻንድራ ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ ያላቸው ፍቅር ሁሉ በኬታኪ ላይ ነው የተገለበጠው። ትኩሳት ሲይዛት ሌሊቱን ሙሉ እግሯን እያሸች የምታነጋው፣ ፀጉሯን በኮኮናት ዘይት እየቀባች የምትጎነጉነው፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ በር ላይ ቆማ የምትጠብቃት ኢንዱማቲ ነበረች። አክስት ትባል እንጂ እናቷ ናት፤ ይሄን የሚክድ የለም።

ታዲያ ኬታኪ ለትምህርት ፑኔ ወርዳ እዚያው የዓይን ሐኪም አገባች። ናግሴን ይባላል። ሙያው የተመሰገነ፣ ጠባዩ የተመሰገነ፣ ሲጋራ የማያጨስ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የተገኘበት ጉድለት አንድ ብቻ ነው፤ የተወለደው አያቶቻችን ጥላቸው እንኳ እንዳይነካን ብለው ከመንደር ውጭ ካሰፈሯቸው ሰዎች ነው። ኢንዱማቲ ይሄን ስትሰማ ሁለት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። በሦስተኛው ቀን በላች፤ የኬታኪን ስልክ ማንሳት ግን እርግፍ አድርጋ ተወች። አራት ዓመት እንዲያ ሆነ።

ኬታኪ ያረገዘች ጊዜ ነው ነገሩ የተለወጠው። በእኛ አገር እርጉዝ ሴት ሰባተኛ ወሯ ሲገባ ያማራትን ሁሉ በሴቶች መሃል ትበላለች፤ ግብዣውን የሚደግሰው የእናት ቤት ነው። ይሄ ወር ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። የኢንዱማቲ ድምፅ ነበር። እናት የላትም ይበሉሽ እንዴ አለቻት፤ ነይ፣ አምሮትሽን እኔ ነኝ የማበላሽ፤ እሳቸውንም ይዘሻቸው ነይ። እሳቸው ያለችው ናግሴንን ነው። ኬታኪ ስልኩን ይዛ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። የናግሴን እናትና አባት በሕይወት የሉም። የራሷ አባት ያው እንዳልነው ነው። ልጇ በእረፍት ጊዜ የሚሄድበት፣ ግቢ ውስጥ የሚቦርቅበት፣ አያቴ ብሎ የሚጠራት ሴት ያለችበት ቤት ቢኖር ያ ቤት ብቻ ነበር። እሱ እንዲከፈትላት የማትሰጠው ነገር አልነበረም።

ዓርብ ቀትር ላይ ደረሱ። ኢንዱማቲ አዲስ ሳሪ ለብሳ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ከቡዳ ዓይን እንዲጠብቃቸው ቂጣና ውሃ በራሳቸው ላይ አዙራ ወደ መንገዱ ጣለች፤ ኬታኪን አቅፋ ሆዷን ዳሰሰች፤ ለናግሴን ደግሞ ሁለት እጇን ገጥማ፣ ይግቡ አማቻችን፣ ቤቱ የእርስዎ ነው አለችው። እርስዎ፣ ስትል አንገቷን ሰበር ታደርግ ነበር። ኬታኪ ያንን ስታይ አራት ዓመት ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ድንጋይ ተንከባሎ የወረደ መሰላት።

ምሳ ቀረበ። ኬታኪ ፊት የተቀመጠው የልጅነት ሳህኗ ነው። በእኛ አገር የቤት ዕቃ ሁሉ ስም አለው፤ የብረት ሳህን ሲገዛ ባለሱቁ መርፌ በምታህል መሣሪያ እየነቀሰ የባለቤቱን ስም በነጠብጣብ ይጽፍበታል። የኬታኪ ሳህን የተጻፈበት በዚያ ቤት የመጀመሪያዋን ሩዝ የጎረሰች ቀን ነው። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ጎብጧል፤ ስድስት ዓመቷ ሳለ ቁራ ለመምታት ስትወረውረው ነው የጎበጠው። ካንቺ ሌላ ማንም አልበላበትም አለች ኢንዱማቲ፣ በሳሪዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች።

ከዚያ የናግሴን ሳህን መጣ። ትልቅ፣ ከባድ፣ ፊት የሚያሳይ አዲስ ሳህን ነው፤ ብርጭቆውና ሦስት ጎድጓዳ ሳህኖቹም አብረውት። ጠርዙ ላይ ባማረ ጽሕፈት «ዶክተር ናግሴን» ይላል። ገበያ ወጥቼ እኔው ነኝ ያስቀረጽኩት አለች ኢንዱማቲ፤ በዚህ ቤት የሚበሉት በዚህ ነው፤ ማንም አይነካብዎትም። ቀጥሎም ከጀርባዋ ሌላ ነገር አወጣች፤ መዳፍ የማትሞላ የሕፃን ሳህን ከነማንኪያዋ። ስም ገና አልተጻፈባትም። ስሙ ሲወጣለት እናስቀርጻለን አለች። ኬታኪ ትንሿን ሳህን ጉንጯ ላይ አስጠግታ አለቀሰችም፣ ሳቀችም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ናግሴን ሳህኑን አየ፣ ስሙን በጣቱ ዳሰሰ፣ ቀና ብሎ ኬታኪን አየ። እጅግ አመሰግናለሁ አለና መብላት ጀመረ።

ያን ቀን አበላሉም አመጋገቡም ጉድ ነበር። ኢንዱማቲ ቁጭ አላለችም። አፈር ስሆን፣ በሞቴ፣ እጄን አይመልሱ እያለች ፑራን ፖሊውን ትደራርባለች፤ ቅቤውን ታፈሳለች። ናግሴን አራተኛው ላይ እጁን በሳህኑ ላይ ቢጋርድ በጣቶቹ መሃል አፈሰሰችለት። ከፍ አድርጋ ነው የምታፈሰው፤ ጭልፋው ከሳህኑ አንድ ክንድ ያህል ይርቃል፤ ቅቤው ተፈናጥሮ ሸሚዙን ሲያበላሽ ኬታኪ በሳቅ ሞተች። ኢንዱማቲም ሳቀች። ጋሼ ባልቻንድራ እያገሳ ወሬ ያወራል፤ ከምሳ በኋላ ዓይኔን እይልኝ አለ፤ ናግሴን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ሽፋሽፍቱን ገልጦ በደንብ አየለት። ጋሼ አመስግኖ ተነሳና ቀጥታ ገላውን ሊታጠብ ገባ። ሙቀቱ ነው አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ኬታኪን ጥሬ ማንጎ አማራት። ማንጎው ዛፍ ከጓሮ ነው። በማድ ቤት ልታልፍ ስትል ኢንዱማቲ አስቆመቻት፤ ጓሮው ያዳልጣል፣ ተቀመጪ፣ አስመጣልሻለሁ አለቻት። ኬታኪ ግን በዚያ ጓሮ ነው ያደገችው። አክስቷ ወደ ምድጃው ዞር ስትል ጠብቃ በጎን በኩል ወጣች።

ጓሮው እንዳለ ነው። ዛፉ፣ የውሃ መሄጃው፣ የውጭው ሽንት ቤት፣ ከእሱ አጠገብ ግድግዳው ውስጥ የተሠራች ጎድጓዳ መደርደሪያ። ውሃ መሄጃው አጠገብ ጋንጉባይ ቁጢጥ ብላለች፤ ሽንት ቤቱንና ቦዩን ሠላሳ ዓመት ያጸዳች፣ ከመንደር ውጭ ከሰፈሩት ወገን የሆነች አሮጊት ናት። አመድና ቃጫ ይዛ ዕቃ እየፈተገች ነው። ኬታኪ ሰላም ልትላት ቀርባ ዕቃውን አየች። በጋንጉባይ እጅ ያለው አዲሱ ሳህን ነው። ስሙ በአመዱ መሃል ይነበባል።

«የማድ ቤቱን ዕቃ የምታጥበዋ የት ሄዳ ነው አንቺ የምታጥቢው?» አለቻት።

ጋንጉባይ ቀና ብላ አየቻትና ሳታፍርም ሳትደነግጥም መለሰች፤ «እሷማ ይሄን አትነካም፣ እሜቴ። እመቤት በገዙት ቀን ነው የነገሩኝ። ከኔ ዕቃ ጋር ይታጠባል፣ ከኔ ዕቃ ጋር ይቀመጣል። ስሙንም ያስጻፉት ከቤቱ ሳህን ጋር እንዳይቀላቀል ነው።»

ኬታኪ ወደ ግድግዳው ዞረች። የጋንጉባይ የተጨረማመተች ጣሳ ከጥንት ቦታዋ ላይ ናት። ከጣሳዋ አጠገብ የናግሴን ብርጭቆና ሦስቱ ጎድጓዳዎች ተደፍተዋል። ከእነሱም አጠገብ፣ ጥግ ላይ፣ ፀሐይ እያብለጨለጫት፣ ያቺ ትንሽ የሕፃን ሳህን ተቀምጣለች።

ማንጎው ከነአምሮቱ ጠፋ። ኬታኪ ዛፉን ተደግፋ፣ ጠዋት የበላችውን ሁሉ አወጣችው። ጋንጉባይ ተነስታ ልትደግፋት እጇን ዘረጋችና ከመንካቷ በፊት መለሰችው። እንደ ልማዷ ነው። ያቺ የተመለሰች እጅ ናት ኬታኪን ይበልጥ ያሳመመቻት። ሰባት ዓመቷ ሳለ ለጋንጉባይ ሻይ የምትሰጣት እሷ ነበረችና ነው። ኢንዱማቲ ነበረች ያስተማረቻት፤ ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጊ፣ ጣሳውን እንዳይነካ፣ ጎበዝ፣ እንዲያ ነው። ኬታኪ ጎበዝ ነበረች፤ አንዲት ጠብታ መሬት አትጥልም ነበር። ትናንት ቅቤው ከክንድ ርቀት ሲፈስ ያንን አፈሳሰስ ከማንም በላይ ማወቅ የነበረባት እሷ ናት፤ እሷ ግን ሳቀች። ራሷን ተጸየፈች። በልጅነቷ ያቺን ጣሳ በየቀኑ እያየች አንድ ቀን ለምን ሳትል ማደጓ ቀፈፋት።

አንድ ነገር ልናገር። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባል ሰው አለ፤ እሱን ማወቅ ቀላል ነው፣ ትሸሸዋለህ። ኢንዱማቲ እንደዚያ አልነበረችም። ልቧ ውስጥ ጩቤ የለም። ከልቧ ነው የምታበላው፣ ከልቧ ነው የምታለቅሰው፣ ከልቧ ነው ሳህኑን ሽንት ቤት አጠገብ የምታስቀምጠው። የሚያንገሸግሸው እሱ ነው።

ከምሳ በኋላ ናግሴንና ጋሼ ሸለብ ሲያደርጋቸው ኬታኪ አክስቷን ማድ ቤት ብቻዋን አገኘቻት። ኢንዱማቲ ለነገው ግብዣ ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ እያድቦለቦለች ነበር፤ ሁለት መዳፏ በቅቤ ወዝቷል። ኬታኪ ያየችውን ነገረቻት። አልጮኸችም። ኢንዱማቲም አልካደችም፤ ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም።

«ምን አጠፋሁ?» አለች። «ንገሪኝ እስቲ። እናቴ ብትሆን ከደጅ አታሳልፈውም ነበር። እኔ ቤቴ አስገባሁት፣ ከባሌ ፊት ለፊት አስቀመጥኩት፣ እርስዎ አልኩት። ለጋንጉባይ የተወረወረ ጣሳ ነው ያለኝ፤ ለእሱ ከገበያው ውዱን መርጬ ገዛሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ፣ ቆዳዬን ልግፈፍለት? ሰው ከአቅሙ በላይ አይዘረጋም፣ ልጄ።»

«የኔ ልጅ ሳህንስ?»

ኢንዱማቲ ላዱዋን አድቦልቡላ ከሌሎቹ ጋር አስተካክላ አስቀመጠች። «ልጅ የአባቱ ነው» አለች። ቀስ ብላ፣ ለበሽተኛ እንደሚነገር ነው ያለችው። «እወደዋለሁ። እዚሁ ጓሮ ይጫወታል። በሳህኑ ይበላል። ምን ይጎድለዋል?» ከዚያም ነገ ጎረቤት ስለሚመጣ እንዳታሳፍራት ለመነቻት፤ ስንት ዓመት አንገቴን ደፍቼ እንደኖርኩ አታውቂም አለች፤ እንባዋ ወረደ። በቅቤ እጇ ስለማትጠርገው ላዱው ላይ ጠብ አለ።

ኬታኪ ለናግሴን አልነገረችውም። ምን ብላ ትነግረዋለች? እራት ሲቀርብ አጠገቡ ተቀምጣ ጭልፋውን ብቻ አየች። ሲወርድ፣ ሲቆም፣ ከፍ ብሎ ሲያዘነብል። ናግሴን ምግቡን አመሰገነ። ጋሼ ባልቻንድራ ጣቱን እየላሰ፣ የኛ ሰው እንግዳ ሲያከብር በዓለም ወደር የለውም አለ፤ ከፍትፍቱ ፊቱ ነው፣ ዶክተር። ኬታኪ የጎረሰችውን በውሃ ገፋችው።

እሑድ ረፋዱ ላይ ስድስት የሰፈር ሴቶች መጡ። ኬታኪን አረንጓዴ ሳሪ አልብሰው፣ የአበባ ጉትቻና የአበባ አምባር አድርገውላት መሃል አስቀመጧት። የአበባው ሽታ፣ የቅቤው ሽታ፣ የሴቶቹ የፀጉር ዘይት ተደባልቆ ይከረፋል። ፊቷ ሳህኗ ተቀመጠ፣ ያ የጎበጠው። ዙሪያውን አምሮቷ ሁሉ ተደረደረ፤ ኮምጣጣው፣ ጣፋጩ፣ ጥብሱ፣ ኮረሪማው። ከሁሉ በላይ ግን ድስቱ ነበር። ኢንዱማቲ ከንጋት ጀምራ አሥራ አምስት ሊትር ወተት አንተክትካ፣ እስኪወፍር ጠብቃ፣ በገውዝና በስኳር ባሱንዲ ሠርታ ነበር። ድስቱ መሃል ላይ ተጎልቶ ሁሉም ዓይኑን ጥሎበታል። ናግሴን ከጋሼ ጋር ፊት ለፊት በረንዳ ላይ ነው፤ ይሄ የሴቶች ግብዣ ነውና።

ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ይቀልዳሉ። በአበላሏ ወንድ ነው፣ በሆዷ አወጣጥ ሴት ናት ይባባላሉ። ኢንዱማቲ የመጀመሪያውን ጉርሻ አነሳች፤ ክፈቺ እናቴ አለቻት። ኬታኪ እጇን ቀስ አድርጋ መለሰችና ቆይ አክስቴ፣ አንድ እንግዳ ቀርቷል አለች። ሆዷን ደግፋ ተነሳች። በማድ ቤት በኩል ወደ ጓሮ ስትወጣ ኢንዱማቲ የተረዳች ትመስለኛለች፤ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች።

ኬታኪ ተመልሳ መጣች። ትንሿን ሳህን ይዛለች። ውሃ ገና አልደረቀባትም። ወደ ድስቱ ጎንበስ አለችና ሳህኗን ከነእጇ፣ እስከ አንጓዋ ድረስ፣ ባሱንዲው ውስጥ ነከረቻት። ሞልታ አወጣቻት። ወተቱ በክንዷ ላይ ወርዶ የአበባ አምባሯን አረጠበው።

«የዛሬ ግብዣ የልጄ ነው» አለች። «በሳህኑ ይብላ። ሳህኑ ያለው ጓሮ ነው፣ ከአባቱ ሳህንና ከጋንጉባይ ጣሳ ጋር። እናንተም ከአንድ ድስት ብሉለት።»

አብራሪ ያላት አልነበረም። በስድስቱም ሴቶች ጓሮ ያቺ ጎድጓዳ መደርደሪያ አለች።  ከዚያ የእንጨት ነጋዴው ሚስት ስኳር በሽታዋ ትዝ አላት፤ ገና ስትገባ እዚያው ቆማ አራት ላዱ የዋጠች ሴት። አጠገቧ ያለችው ዛሬ ጾም መሆኑን አስታወሰች፤ ኮረሪማው ገና በጥርሷ መሃል ነበር። ሦስተኛዋ ወተት እሳት ላይ ጥዳ እንደመጣች ተናገረች። የቀሩት ምክንያትም አላስፈለጋቸው፤ ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ ወጡ። አንዷ ስታልፍ የሳሪዋን ጫፍ ሰብሰብ አደረገች፣ ድስቱን እንዳይነካባት። የማር ምላስ ይዘው ገብተው እንደ ዝንብ በረሩ። እኔ እነዚህን ሴቶች ዛሬም በመንገድ ሳያቸው እንዳልተፋ ምራቄን እውጣለሁ።

ኬታኪ መሃል ላይ ብቻዋን ተቀመጠችና ባሱንዲውን በትንሿ ማንኪያ በላችው። እየቀፈፋት፣ እያቅለሸለሻት፣ ማንኪያ በማንኪያ፣ እስኪያልቅ በላችው። ኢንዱማቲ ግድግዳውን ተደግፋ አየቻት።

«ያጎረሰ እጅ ተነከሰ» አለች በመጨረሻ።  ወደ ጓሮ በር ዞራ ጋንጉባይን ጠራችና፣ ድስቱን እንዳለ ውሰጂው፣ ከነድስቱ አለቻት። አሥራ አምስት ሊትር ወተት፣ የሠርጓ ድስት። ጋንጉባይ ልትወስደው ስትገባ በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የማድ ቤቱን ደፍ መርገጧ ነበር፤ ይሄንንም ቢሆን ኢንዱማቲ በኋላ በውሃ አጠበችው።

ከሰዓት በኋላ ባቡር ነበራቸው። ጋሼ ባልቻንድራ ራሱን ታሞ ተኝቷል ተባለ። ኢንዱማቲ ግን በር ድረስ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። ለመንገድ ብላ አንድ ከበድ ያለ ዘንቢል ለኬታኪ ሰጠቻት፤ ናግሴንንም እጇን ገጥማ፣ በሰላም ይግቡ አለችው። እርስዎ ማለቱን እስከ መጨረሻው አልተወችም።

ባቡሩ ከእርድ መጋዘኖቹ ሲርቅ ኬታኪ ሁሉንም አወጣችው፤ ጓሮውን፣ መደርደሪያዋን፣ በልጅነቷ ከፍ አድርጋ ያፈሰሰችውን ሻይ ሳይቀር። ይቅር በለኝ አለችው። ናግሴን በመስኮት እያየ ሰማት።

«ዓርብ ዕለት ነው ያወቅኩት» አለ። «ስሜን ሳነበው። እናቴ ለሥራ ስትሄድ ጣሳዋን ወገቧ ላይ አስራ ነበር የምትሄደው። የሷም ጣሳ ስም ነበረው።»

«ታዲያ ለምን በላህ? ሰባት ፖሊ ለምን በላህ?»

«ስትስቂ አየሁሽ» አለ። «አራት ዓመት እንደዚያ ስትስቂ ሰምቼሽ አላውቅም። ልጁም የሚሄድበት ቤት ይኑረው ብዬ ነው። እኔ ለምጄዋለሁ፣ እውጠዋለሁ አልኩ።»

ኬታኪ እጇ ሥራ እንዲያገኝ ብላ ዘንቢሉን ከፈተች። ከላይ ላዱ ነው፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አርባ ይሆናል። አራት ዓመት በሕልሟ ስታሸተው የኖረችው ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ላዱውን ወደ ጎን አድርጋ ከሥሩ ያለውን አወጣች። ትልቁ ሳህን፣ ብርጭቆው፣ ሦስቱ ጎድጓዳዎች፣ ትንሿ የሕፃን ሳህን። ከሁሉ በታች፣ በጋዜጣ ተለይቶ የተጠቀለለ ሌላ ነገር አለ። ጋዜጣውን ስትገልጠው ጠርዙ የጎበጠው የራሷ ሳህን ነው። ከዚያ ማድ ቤት ወጥቶ የማያውቅ፣ ካንቺ ሌላ ማንም አልበላበትም የተባለው።

ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ስሟን በጣቷ ዳሰሰች። ቤቱ ተዘጋ። አለቀ። ለሃያ ምናምን ዓመት የእናቴ ቤት ያለችው ቤት ሳህኗን አውጥቶ ሰጣት፤ እንባዋ መጣ፣ ከእንባው ጋር ደግሞ ያ ማቅለሽለሽ። ላዱውን ከነጨርቁ አንስታ በባቡሩ መስኮት ልትወረውር ስትል ናግሴን እጇን ያዛት። ሰው ደክሞበታል፣ ጣቢያ ላይ ለሚበላ እንሰጠዋለን አላት። ከዚያ የሕፃኑን ሳህን አንስቶ አገላበጣት።

«ይሄንንስ ምን እናድርገው? ብንጥለውስ?» አላት።

«አንጥለውም» አለች ኬታኪ። ከእጁ ተቀብላ በራሷ ሳህን ውስጥ አስቀመጠቻት፣ የራሷንም በእሱ ሳህን ውስጥ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ልክክ ብሎ ገባ። «ስሙን እኔ አስቀርጽበታለሁ። ከኔና ከአንተ ጋር አንድ ላይ ይታጠባል።»